በአገሬ ያስቀመጥሁትን ብር፣ በአገሬ ለእናቴ እንዳዝዝበት ይፈቀድልኝ

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
ለንግድ ባንኮች የበላይ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ከአገር ውጭ የሚኖሩ ደንበኞች በአገር ቤት ያላቸውን የብር ቁጠባ በአገር ውስጥ የሚያንቀሳቅሱበት አሠራር እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ

በምዕራብ ጎጃም ፍኖተ ሰላም ተወልጄ ያደግሁ፣ በዚያው አካባቢ በነርስነት ለ9 ዓመታት ያገለገልሁና ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጀርመን አገር በዚሁ ሙያ እየሠራሁ የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የራሴ ጉዳይ ከብዙ ድካም በኋላ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ለራሴ የምጠይቀው ነገር የለም። ነገር ግን እኔን የገጠመኝ ችግር ዛሬም ከቡሬ፣ ከደምበጫ፣ ከሞጣና ከብቸና ወጥተው በየአገሩ የተበተኑ ብዙ ሰዎችን እያንገላታ መሆኑን በየጊዜው ከሚደውሉልኝ ዘመዶችና የሥራ ጓደኞች ስለምሰማ፣ ዝም ማለት ከበደኝ።

ጥያቄዬ እንዳይዛባ አስቀድሜ ላጥራው። ብሬን ወደ ዩሮ መንዝሩልኝና ወደ ጀርመን ላኩልኝ አልልም። አገራችን የውጭ ምንዛሪ እጥረት እንዳለባት፣ ብርም ከአገር ውጭ እንደማይመነዘር፣ ለዚህም ሕግና መመሪያ እንዳለ አውቃለሁ፤ አከብራለሁም። የምጠይቀው ብሩ ከኢትዮጵያ ሳይወጣ፣ ከአንድ የኢትዮጵያ ሒሳብ ወደ ሌላ የኢትዮጵያ ሒሳብ፣ ባለቤቱ በሕይወትና በሙሉ ጤንነት እያለ በሚሰጠው ትእዛዝ እንዲንቀሳቀስ ብቻ ነው። በሕግ የሚከለክለው ነገር ሳይኖር በአሠራር የተዘጋ በር ስለሆነ፣ የሚከፈተውም በአሠራር ነው ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡ እንዴት እንደተጠራቀመ መናገር የሚገባኝ ይመስለኛል። ደመወዝ በገባ ቁጥር ጥቂት ጥቂት፣ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ያደርሁበት የዲዩቲ ክፍያ ሲመጣ ደግሞ ጠቀም ያለ እያደረግሁ፣ ለቤት መሥሪያ ብዬ ያስቀመጥሁት ነው። ከዚያ ላይ የእናቴ ገንዘብ አለበት። መንግሥት በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶችን ሲለውጥና አሮጌውን ለመቀየር የ3 ወር ጊዜ ሲሰጥ፣ እናቴ በቆሎና በርበሬ እየሸጠች በሳጥኗ ስታኖረው የነበረውን 38,000 ብር ታላቅ ወንድሜን አስይዛ ወደ እኔ ሒሳብ አስገባችው። ያን ጊዜ እኔ ጀርመን ነበርሁ። «ቤት ካለ ሌባም እሳትም ይወስደዋል፤ ባንክ ካለ ግን ያንቺ ነው» ብላ በስልክ ስትነግረኝ፣ ልክ ናት ብዬ ደስ አለኝ። የገጠር ሰው ገንዘቡን ከሳጥን አውጥቶ ለባንክ እንዲያስረክብ ለዓመታት የተመከረው ምክር እናቴ ቤት የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ሒሳቡ ከነወለዱ 212,000 ብር ደርሶ ነበር።

ከአገር ስወጣ ሒሳቡን በሞባይል ባንኪንግ ከያለሁበት አንቀሳቅሰዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ለሁለት ዓመት ያህልም አንቀሳቅሼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስልኬ ተበላሸና አዲስ ገዛሁ። አዲሱ ስልክ ላይ መተግበሪያውን ለመክፈት የማረጋገጫ ቁጥር በኢትዮጵያ ስልኬ በአጭር መልእክት መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም። ሲም ካርዱ ለረጅም ጊዜ ካርድ ስላልተሞላበትና ስላልተደወለበት ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል። ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድሜ ወደ ቁጥሩ ሲደውል አንድ የማያውቀው ሰው አነሣው። ቁጥሬ ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቷል ማለት ነው። የባንኩ መዝገብ ላይ ግን የእኔ መለያ ሆኖ የቀረው ያ ቁጥር ነው። ባንኩ የላከው የሚስጥር ቁጥር ሁሉ የሚደርሰው ለማላውቀው ሰው ሲሆን፣ እኔ የሒሳቡ ባለቤት ደግሞ ምንም አይደርሰኝም። ይህ የእኔ መጉላላት ብቻ አይደለም፤ ለባንኩም አደጋ ነው። ቁጥሩን በጀርመን ስልኬ እንዲቀይሩልኝ ብጠይቅ፣ የውጭ አገር ስልክ እንደማይመዘገብ፣ የአገር ውስጥ ቁጥር ለመቀየርም «ባለቤቷ በአካል ሒሳቡን ወደ ከፈተችበት ቅርንጫፍ መምጣት አለባት» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ለአንድ ስልክ ቁጥር ለውጥ ከጀርመን ፍኖተ ሰላም መምጣት ማለት ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. እናቴ ግቢዋ ውስጥ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የዚህ ዓይነት ስብራት ሲደርስ ቀዶ ሕክምናው በተቻለ መጠን በ2 ቀን ውስጥ እንዲሠራ እንደሚመከር እኔ በሙያዬ አውቃለሁ። ከዚያ ሲዘገይ የደም መርጋት፣ የሳንባ ምችና የመኝታ ቁስል ይከተላል። ወንድሜ ባሕር ዳር ወደሚገኝ ሆስፒታል አደረሳት፤ ለአጥንቱ የሚገባው ብረት ከሆስፒታሉ ውጭ እንዲገዛ ታዘዘ፤ ከሌላው ወጪ ጋር ወደ 90,000 ብር ያስፈልግ ነበር። እኔና እናቴ ያጠራቀምነው ከዚህ ከሁለት እጥፍ በላይ የሆነ ብር ባንክ ተቀምጧል። ወንድሜ የቁጠባ ደብተሩን ይዞ፣ የእኔን ጠቅላላ ውክልና ይዞ ቅርንጫፉ ሄደ። ከዚያ ደውሎ የነገረኝን አልረሳውም፤ «እታለም፣ ብሩ እንዳለ አለ፤ የሚያወጣው ሰው ግን የለም ተባልሁ» አለኝ።

በዚያ ወቅት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተቋርጦ ስለነበር በስልክ ገንዘብ ማስተላለፍ የሚታሰብ አልነበረም። ቅርንጫፎችም በጸጥታው ምክንያት የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ቀን አይታወቅም። በእጄ የነበረውን 800 ዩሮ ላክሁ፤ የቀረውን ወንድሜ ከእድርና ከጎረቤት ተበደረ። ቀዶ ሕክምናው የተሠራው በስድስተኛው ቀን ነው። እናቴ ተረፈች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ብቻዋን ግን ከቤት አትወጣም። በየዕለቱ የሰው አገር እናቶችን ከአልጋ እያነሣሁ አራምዳለሁ፤ በዚያ ስድስት ቀን ግን ለእናቴ ማድረግ የቻልሁት ስልክ ይዞ መጠበቅ ብቻ ነበር።

ስለ ውክልናው በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ችግሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚያ ላይ ነው። ለወንድሜ ጠቅላላ ውክልና የሰጠሁት በ2014 ዓ.ም. ነበር። በቆንስላ ፊት ፈርሜ፣ ዋናውን ሰነድ ወደ አገር ቤት ልኬ፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተሙ ተረጋግጦ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ተመዝግቧል። ባንኩ «ውክልናው በባንክ ያለ ገንዘብ ማውጣትን፣ የባንኩን ስምና የሒሳብ ቁጥሩን ለይቶ አይጠቅስም» ብሎ መለሰው። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2203 እና 2204 ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው የአስተዳደር ሥራዎችን መሥራት እንደሚችል ሲደነግግ፣ ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ዕዳ መሰብሰብንና ዕዳ መክፈልን ይቆጥራል። ደንበኛ ባንክ ውስጥ ያስቀመጠው ገንዘብ ባንኩ ለደንበኛው ያለበት ዕዳ ነው። ታዲያ ጠቅላላ ውክልና የያዘ ወንድም የእኅቱን ቁጠባ ሊረከብ የማይችለው በየትኛው ሕግ ነው? ባንኩ ጥንቃቄ ላድርግ ካለም መብቱ ነው፤ ግን የሚፈልገውን ቃል አስቀድሞ ጽፎ ቢያስታውቀን ኖሮ ያንኑ ቃል አስጽፈን እንልክ ነበር። እኔ ቃሉን ያወቅሁት እናቴ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ነው።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ሁለተኛ ውክልና አዘጋጀሁ። ከምኖርባት ከተማ ቆንስላው በባቡር 4 ሰዓት ስለሚርቅ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድሁ። የባንኩን ስም፣ ቅርንጫፉን፣ የሒሳብ ቁጥሩን፣ «ማውጣት፣ ማስተላለፍ፣ ደብተር መቀየር፣ ስልክ ቁጥር ማስለወጥ» የሚለውን ሁሉ አስጻፍሁ። ወንድሜ እንደገና የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ደጀን እያደረ አዲስ አበባ ደርሶ አስመዘገበው። ይህኛው ደግሞ የተመለሰው በአንድ ፊደል ነው። የአያቴ ስም በባንኩ መዝገብ ላይ በ«ጸ» ተጽፏል፤ በውክልናው ላይ ግን የጻፈው ሰው ከፓስፖርቴ የላቲን ፊደል ላይ አይቶ በ«ፀ» ጻፈው። አማርኛ የሚያነብ ሰው ሁሉ እነዚህ ሁለት ፊደላት በአንድ ድምፅ እንደሚነበቡ ያውቃል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ እንደዚሁ ናቸው። የላቲኑ ፊደል ይህን ልዩነት ጨርሶ አያሳይም። ስለዚህ በፓስፖርት መነሻነት የሚጻፍ ሰነድ ሁሉ በአገር ቤት ከተመዘገበው ስም ጋር የመለያየት ዕድል አለው። ከዚህ ላይ የልደት ዘመኔ በባንኩ በእኛ አቆጣጠር፣ በፓስፖርቴ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። የሁለቱን ዘመን ልዩነት ለማስረዳት ወንድሜ ከቀበሌ ደብዳቤ አጻፈ፤ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ሌላ ደብዳቤም አጻፈ።

ገንዘቡ የወጣው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ ከወደቀች ከ10 ወር በኋላ። በመካከሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ተወሰነ። እናቴ የወደቀች ጊዜ በባንክ ከ56 እስከ 57 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር፣ ገንዘቡ ሲወጣ ከ120 ብር በላይ ሆኖ ነበር። ውሳኔው ለአገር ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ለሚያውቁት እተወዋለሁ። እኔ የምለው፣ የገዛ ገንዘቡን ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው ያን ወራት ቢያንስ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ገዝቶ ያስቀምጥ ነበር፤ እኔ ግን ማየት እንኳ አልቻልሁም። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን፣ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ያለፈባቸው ጊዜያት ነበሩ። እንቅስቃሴ የሌለው ሒሳብ በየዓመቱ እየሳሳ የሚሄድ ሒሳብ ነው። ለቤት መሥሪያ የታሰበው ብር፣ የእናቴ 38,000 ብር ጭምር፣ ብድር ከከፈልንበት በኋላ የቀረው ለግቢ አጥር ነው የበቃው።

የእኔን ነገር በዚህ ላብቃና የሌሎችን ላንሣ፣ ምክንያቱም ከእኔ የባሰባቸው አሉ። እኔ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድና ፈቃድ የሚሰጥ አሠሪ አለኝ፤ ባቡር ተሳፍሬ ቆንስላ መሄድ እችላለሁ። ከጎጃም ገጠር ወጥተው በቤይሩት፣ በሪያድና በኩዌት በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ግን ብዙዎቹ ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ ነው፤ ከበር ለመውጣት እንኳ ፈቃድ የሌላቸው አሉ። ከመሄዳቸው በፊት በስማቸው ሒሳብ ከፍተው፣ የላቡን ዋጋ ወደዚያው ሲልኩ ይኖራሉ። ወደ ሒሳቡ ማስገባት ማንም አይከለክላቸውም። እናት ወይም አባት ሲታመም ግን ከሒሳቡ ማውጣት የሚቻለው ባለቤቷ ስትመጣ ብቻ ነው ይባላል። አንዲት የማውቃት ልጅ ለአባቷ ተዝካር የሚሆን ገንዘብ ከራሷ ሒሳብ ማስወጣት አቅቷት፣ ከአሠሪዋ ተበድራ እንደ አዲስ ላከች።

ገንዘብ ከውጭ ስንልክ ያለውን መስተንግዶ አውቃለሁ፤ በየመተግበሪያው በደቂቃዎች ይደርሳል፤ ባንኮቹም እንድንልክ በማስታወቂያና በሽልማት ይጋብዙናል። ይህ መልካም ነው፤ አገር በዚህ ትጠቀማለች። ከወጣን በኋላ ለምንከፍተው የዲያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብም መመሪያ ወጥቶለታል። ከመውጣታችን በፊት በደመወዛችን ያጠራቀምነው ተራው የብር ቁጠባ ግን ማንም አላሰበበትም። ሰው የራሱን ብር ማዘዝ ሲያቅተው የሚሄደው ወደ ሕገ ወጡ መንገድ ነው። በአገር ቤት ብር ካለው ሰው ጋር በቃል ተስማምቶ እዚህ ዩሮ ይሰጣል፣ እዚያ ብር ለቤተሰቡ ይደርሳል፤ ባንኩ መሐል ላይ የለም፤ የውጭ ምንዛሪውም ወደ አገር አይገባም። እኔ ይህን አላደረግሁም፤ በእናቴ ስድስት ቀን ውስጥ ግን ተፈትኛለሁ።

የባንኮችን ስጋት አቅልዬ አላይም። በሐሰተኛ ውክልና የሰው ሒሳብ ባዶ የተደረገበት አጋጣሚ እንዳለ፣ ወካይ ሲሞት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ውክልናው እንደሚቀርና ባንኩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ እንደሌለው እረዳለሁ። ፊርማም ከዓመታት በኋላ ይለወጣል፤ የእኔም ተለውጧል። ነገር ግን የስጋቱ መድኃኒት ባለቤቷን በቀጥታ መጠየቅ ነው። በጀርመን ባንኮች ደንበኛን በቪዲዮ ጥሪ፣ ፓስፖርቱን ካሜራ ፊት እያስያዙ መለየት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የፈቀደው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። እኔም እዚህ ሒሳቤን የከፈትሁት ከመኝታ ቤቴ ሳልወጣ ነው። የፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በዚያ ጥር ወር በቪዲዮ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ፣ ኢንተርኔት ከሌለም ዋናው መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር።

አሁን ደግሞ የተሻለ መሣሪያ አለን። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራን፣ የዓይን አይሪስንና የፊት ምስልን መዝግቦ ለእያንዳንዱ ሰው 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፤ ባንኮችም ሒሳቦችን ከዚህ ቁጥር ጋር እያያያዙ ነው። የ«ጸ» እና የ«ፀ» ክርክር በዚህ ቁጥር ሊዘጋ ይችላል። ነገር ግን ውጭ ላለነው ምዝገባው በየኤምባሲውና በየቆንስላው በስፋት ካልተዳረሰ፣ ይኸው መልካም ነገር ሒሳባችንን ዳግመኛ የሚዘጋ ሌላ ቁልፍ ይሆንብናል። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ሒሳብን ከፋይዳ ጋር እንዲያያይዙ ሲያዝ፣ ከአገር ውጭ ላለ ደንበኛ የሚሆነውን መንገድ በዚያው መመሪያ ውስጥ እንዲያስቀምጥ እጠይቃለሁ።

ከዚህ በተረፈ የምለምነው ብዙ ገንዘብም ብዙ ጊዜም የማይጠይቅ ነው። ብሔራዊ ባንክ ለባንክ ሥራ የሚሆን አንድ ወጥ የውክልና ቅጽ አዘጋጅቶ ለባንኮች፣ ለቆንስላዎችና ለሰነዶች ማረጋገጫ ያድል፤ በዚያ ቅጽ የመጣ ውክልና በቃላት አጠቃቀም ምክንያት እንዳይመለስ ይደንግግ። በቅጹ ላይ የፋይዳ ወይም የፓስፖርት ቁጥር ከሰፈረ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ባላቸው ፊደላት መለያየት ማንም ወደ ቀበሌ እንዳይላክ ይደረግ። ለባንኮች ደግሞ፣ ደንበኛ ወደ ውጭ ልሄድ ነው ብሎ ሲመጣ የውጭ ስልኩንና ኢሜሉን ተቀብላችሁ መዝግቡ፤ ተወካዩን አብሮት ይዞ ከመጣም እዚያው ፊታችሁ አስፈርሙት። እኔ በጳጉሜን 2011 ዓ.ም. ከመሄዴ በፊት ቅርንጫፉ ደርሼ ነበር፤ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም ምን መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ለሕክምና ሲሆን ደግሞ፣ ከሆስፒታል የክፍያ ማዘዣ ሲመጣና ባለቤቷ በቪዲዮ ስትፈቅድ፣ ገንዘቡ ለቤተሰብ እጅ ሳይሰጥ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሒሳብ የሚተላለፍበት አሠራር ይኑር። እንዲህ ከሆነ አጭበርባሪ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ታማሚዋ ግን በጊዜዋ ትታከማለች።

በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 የውጭ ባንኮች በአገራችን እንዲሠሩ ተፈቅዷል። እነሱ ሲመጡ ደንበኛን ከርቀት የመለየት ልምዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። የእኛ ባንኮች የእናቴን ዓይነት ደንበኛ፣ ከሳጥኗ አውጥታ ያመነቻቸውን፣ ቀድመው እንዲይዙ እመኛለሁ።

እናቴ በዚህ ዓመት የበርበሬዋን ሽያጭ ወደ ባንክ ላስገባው ወይስ ቤት ላስቀምጠው ብላ ጠይቃኛለች። እስካሁን አልመለስሁላትም። ብሔራዊ ባንክ ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጠውን ምላሽ እየጠበቅሁ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የፍኖተ ሰላም ተወላጅ፣ ነርስ
ከጀርመን አገር